«አንዲት ጥናት አለችን፣ ይተባበሩናል?» ስትባሉ

ለስኳር ክትትል ሄጄ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ጋሼ፣ አንዲት ጥናት አለችን፣ ይተባበሩናል?» አለችኝ። ትሁት ልጅ ናት። እጇ ላይ በስቴፕለር የተያዘ ሰባት ገጽ ወረቀት አለ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና «እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ» አለች። ፈረምኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ደም ቀዱኝ፣ ወገቤን በሜትር ለኩኝ፣ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ተባልኩ።

ማታ ባለቤቴ «ምን ላይ ነው የፈረምከው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ቅጂ አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ደሜ የት እንደሚሄድ፣ ደግመው ይጥሩኝ አይጥሩኝ አላውቅም። «ኩላሊትህን ፈርመህ እንዳይሆን» ብላ ሳቀችብኝ።

ኋላ ሳጣራ ጥናቱ ደህና ጥናት ነበር። የተበላሸው አፈራረሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥናት ላይ ገብቻለሁ፤ ከአንዱ ደግሞ «ይቅርብኝ» ብዬ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በሁለት ደቂቃ እንዳትፈርሙ ነው። አትሳተፉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ተሳተፉ ባይ ነኝ።

ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ኮዴይን የሚባል ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። የሚቀይረው ኢንዛይም (ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ቀያሪ ፕሮቲን) አንዳንድ ሰው ላይ ከልክ ያለፈ ፈጣን ነው። እንዲህ ላለው ሰው የተለመደው መጠን ይበዛበታል፤ ትንፋሽ እስከማሳጠር ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ በ29 በመቶዎቹ ላይ ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ተባዝቶ አገኘው፤ ጂኑ ሲበዛ ኢንዛይሙም ይፈጥናል። ስዊድናውያን ላይ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። እነዚያ ሰዎች «ደሜን አልሰጥም» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ መድኃኒቱ በስዊድን ሰው ልክ እየተሰፋ እኛ እንለብሰው ነበር።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ጥናት እንደሆነ ለዩ

ጥናት ሁሉ መርፌ ያለው አይደለም። አንዳንዱ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ድብርት፣ ስለ ልጅ አመጋገብ። አንዳንዱ ናሙና ይወስዳል፤ ደም፣ ሽንት፣ አክታ፣ ምራቅ። ሌላው ደግሞ እናንተ ላይ የሚደረገውን ነገር ራሱን ይፈትናል፤ አዲስ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የምክር አገልግሎት፣ አንዳንዴም ሳሙናና ጫማ።

ሳሙናና ጫማ ስል ቀልዴን አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የእግር ዝሆኔ ያለባቸው 696 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በጀርም ማጥፊያ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ግማሾቹ ወዲያው ጀመሩ። ግማሾቹ አንድ ዓመት ጠብቀው ነው የደረሳቸው። ማን ይቅደም የሚለውን የወሰነው ዕጣ ነው። እግሩ እየጋለና እያበጠ ሰው የሚያጋድመው ሕመም፣ የጠበቁት ላይ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ሲነሣ፣ የጀመሩት ላይ ወደ 19 ወረደ።

እዚህ ላይ ዕጣውን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ሙከራ ውስጥ የየትኛው ቡድን እንደምትሆኑ ሐኪሙ አይመርጥላችሁም። ብዙ የመድኃኒት ሙከራ ላይ ደግሞ አንዱ ቡድን የሚወስደው ፕላሴቦ ነው። መልኩ ኪኒን ነው፤ ውስጡ መድኃኒት የለም። የሚሰጣችሁ ሐኪምም የቱን እንደሰጣችሁ ላያውቅ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ነው የሚሸሸግበት። «ዶክተሩ የሚሻለኝን ይሰጠኛል» ብሎ የገባ ሰው ኋላ ይቀየማል። ሕክምና ለእናንተ ነው። ጥናት ግን በዋናነት የሚሠራው ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው በሽተኛ ነው።

የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ስንተኛው ምዕራፍ (አዲስ መድኃኒት በየተራ የሚያልፍበት የሙከራ ደረጃ) እንደሆነ ጠይቁ። አንደኛው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 100 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ነው የሚሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወንዶች እንስሳት ላይ ደህና ሆኖ የታየ አዲስ መድኃኒት በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል፤ ግን ጣቱን ያጣ አለ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠብቋል፤ አዲስ መድኃኒት ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይሰጥም፣ አንዱ ታይቶ ነው ሌላው የሚከተለው። ቢሆንም «ከእኔ በፊት ስንት ሰው ወስዶታል?» የምትለውን ጥያቄ አትተዋት። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መልሱ «በመቶዎች» ይሆናል። አንደኛው ላይ «እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ እውነተኛ ጥናት መሆኑን አጣሩ

እኛ አገር ብዙውን ጊዜ ጥናት ሰውን ይፈልጋል እንጂ ሰው ጥናትን አይፈልግም። ክትትል ላይ ያገኛችኋል፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወይ በር ያንኳኳል።

በር ካንኳኳ መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። ደህና መረጃ ሰብሳቢ አይከፋውም፤ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ (የተሳታፊዎችን መብትና ደኅንነት የሚያየው) ፈቃድ መኖሩን እዩ። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ሳይጀመር በዚህ ኮሚቴ ማለፍ አለበት። የመድኃኒት ወይም የክትባት ሙከራ ከሆነ ከኮሚቴው ሌላ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መፍቀድ አለበት። በደንብ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ሁለት ስልክ ታገኛላችሁ፤ የዋናው ተመራማሪና የኮሚቴው። ሁለቱም ላይ ደውሉ። እኔ አሁን እዚያው ቆሜ ነው የምደውለው። አንዴ ስልኩ «አገልግሎት ላይ አይደለም» አለኝ። ይቅርብኝ ያልኩት ጥናት እሱ ነው።

ራሳችሁ ጥናት መፈለግ ካማራችሁ፣ የአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ድረ ገጽ በአገር ስም ለመፈለግ ያስችላል፤ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ማስገባት ነው። ኬፕታውን ላይ የተቀመጠ የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራ መዝገብም አለ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥናቱ መዝገቡ ላይ አለ ማለት መንግሥት መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም። የሚመዘግቡት አጥኚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ለመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ጥናት ጥናት አይደለም። በቴሌግራም የባንክ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅማ ሌባ ነው፤ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቤተዝዳ ያለው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ክሊኒካል ማዕከል ሰፈራችሁ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምርምር ብቻ የሚሠራ ሆስፒታል ነው። እዚያ ጥናት ላይ ላለ ሰው ለሚደረግለት ሕክምና ሂሳብ አይመጣበትም። ቋንቋ ከቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአገሩ ደንብ መረጃው በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲሰጣችሁ ያዛል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለ ሽንት ቤታችሁና ስለ መኝታ ቤታችሁ ሲጠየቅ ሁለታችሁም ትሳቀቃላችሁ፣ መልሱም ይዛባል።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይቺን እይዝ ነበር። ሁለት ነገር ይሰጣችኋል፤ የመረጃ ወረቀትና የስምምነት ቅጽ። ቅጹ ላይ የምትፈርሙት የመረጃው ወረቀት ስለገባችሁ ነው። «ቤት ወስጄ ላንብበው፣ ነገ እመልሳለሁ» ማለት መብታችሁ ነው። የአንድ ጊዜ መጠይቅ ከሆነ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ወራት የሚፈጅ ሙከራ ከሆነ ግን አሳድሩት። ማንበብ የማይችል ሰው ይነበብለታል፤ ከአጥኚዎቹ ወገን ያልሆነ ምስክር ባለበት ነው በጣቱ የሚፈርመው። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ግን እሱም ይጠየቃል። እምቢ ካለ እምቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ፣ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ አርማወር ሃንሰን የሚባል የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። የመድኃኒትና የክትባት ሙከራ እዚህ አገር ሲነሣ ስሙ ቶሎ የሚመጣ ቤት ነው። ስሙ የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ይኸው ታላቅ ሰው በ1879 በርገን በሚሠራበት ሆስፒታል የአንዲት ታካሚን ዓይን፣ ከሌላ በሽተኛ በተወሰደ ነገር ወጋው። በሽታው ይተላለፍ እንደሆነ ለማየት ነው። አላስፈቀዳትም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ተፈርዶበት የሆስፒታሉን ሥራ አጣ። ዛሬ በስሙ በሚጠራው ግቢ ፈቃድ ሳይጠየቅ መርፌ አይነሣም። ወረቀቱ ሲረዝምባችሁ ያቺን ሴት አስቧት።

ደረጃ 4፦ ጥያቄያችሁን ጻፉና ሂዱ

ነጭ ጋውን ፊት ሲቆም አፍ ይያያዛል፤ ስለዚህ ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህ ናቸው፦

ስንት ጊዜ ነው የምመጣው? ለስንት ወር? ከሥራ ስንት ቀን እቀራለሁ?

ይህን ባልገባ ኖሮ የማገኘው ሕክምና ምን ነበር? እምቢ ብል ክትትሌ ይቋረጣል ወይ? (መልሱ «አይቋረጥም» መሆን አለበት። «እናያለን» ካሏችሁ ተነሡ።)

ቢያመኝ ማን ያሳክመኛል? በማን ወጪ? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢያመኝ ማን ጋ ነው የምደውለው?

ደሜ ምን ያህል ነው የሚቀዳው? ይቺ ሰፈራችን የምትፈራት ጥያቄ ናት። «ደማችንን ይሸጡታል» የሚል ወሬ አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ «10 ሚሊ ሊትር» ካለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ የቡና ሲኒ ሩብ እንኳ አይሞላም። ለደም ባንክ የሚለገሰው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይልቅ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተረፈው ናሙና ይቀመጣል ወይ? ለስንት ዓመት? ለሌላ ጥናት ይውላል ወይ? ውጭ አገር ይላካል ወይ? ናሙና ወደ ውጭ የሚወጣው በጽሑፍ ስምምነት ነው። «ለዚህ ጥናት እሺ፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም» ማለት የሚቻልበት ቅጽ ብዙ ነው። ሁለት ሳጥን ታያላችሁ፤ አንዱን ብቻ ምልክት አድርጉ።

ስሜ ይታወቃል ወይ? ይህ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ አይደለም። ወላይታ ላይ የዝሆኔን የዘር ጥናት ለማድረግ የተዘጋጁ ተመራማሪዎች፣ ሰው ለመስማማት የሚያመነታበት አንዱ ምክንያት መገለልን መፍራት መሆኑን አገኙ። «በዘራቸው አለ» ከተባለ የቤተሰቡ ልጆች የሚያገባቸው ሊያጡ ነው። ስለዚህ በሽታችሁ ሰፈር የሚያወራበት ዓይነት ከሆነ፣ መኪናቸውን በር ላይ እንዳያቆሙ እስከመጠየቅ ሂዱ። ያደርጉታል።

ስለ ገንዘብም ያለ እፍረት ጠይቁ። እዚህ አገር የሚሰጠው በአብዛኛው የትራንስፖርትና የምሳ፣ ሲበዛ የባከነ የሥራ ቀን ማካካሻ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ጤነኛ ፈቃደኞች ጠቀም ያለ ክፍያ የሚያገኙበት ጥናት አለ። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ልክ ይህ ነው፤ ብሩ ባይኖር እምቢ የምለውን ነገር ለብሩ ብዬ እሺ አልልም። ሁለት የመድኃኒት ጥናት ደርቦ መግባትማ ራስን መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ ምን እንደሚፈጥሩ ማንም አልሞከረውም።

ደረጃ 5፦ ምርመራው ላይ ምንም አትደብቁ

ፈርማችሁም ላታልፉ ትችላላችሁ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ እርግዝና፣ ሌላ በሽታ ይታያል። «አልተመረጡም» ስትባሉ አትከፉ፤ ብዙ ጊዜ ለእናንተው ደኅንነት ነው። ኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ምርመራ ካለበት ውጤቱ ይነገረን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ሁሉ ስል የሐኪሙን ኪኒን ብቻ አይደለም። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ በማር፣ ኮሶ፣ ጫት፣ አረቄ። «እሱ መድኃኒት አይደለም» ብላችሁ የተዋችሁት ቅጠል ከሚሞከረው ኪኒን ጋር ጉበታችሁ ላይ ሊጣላ ይችላል።

ጾምንም ንገሯቸው። ከምግብ ጋር በጠዋት የሚዋጥ መድኃኒት ለሁዳዴ ጿሚ ምን ይሆናል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ፣ ወይ ረመዳን ከሆነ፣ ሰዓቱ ሊቀየር ይችል ይሆናል፤ ባይቻልም ቀድሞ ይታወቃል። አንድ የማውቀው ሰው ሱባኤ ገብቶ ሁለት ሳምንት ጠበል ብቻ እየጠጣ ኪኒኑን ትራስ ሥር አከማችቶ መጣ። «ወስጃለሁ» ብሎም ፈረመ። የደም ምርመራው ግን አጋለጠው። ቢናገር ማንም አይቆጣውም ነበር፤ የሱ ውሸት ግን የሌሎቹን ልፋት ሁሉ ሊያበላሽ ነበር።

ደረጃ 6፦ ጥያቄና መልስ ሲሆን ቦታ ምረጡ

የሥነ ልቦና ጥናት መርፌ ስለሌለው ቀላል ይመስላል። ጥያቄዎቹ ግን ይገባሉ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ተሰማዎት? መሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?» ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሳሎን ሲቀመጥ፣ እማማ ከጓዳ፣ ጎረቤት ከቡናው ጀበና ጎን ጆሮ ሰጥተው ነው የሚሰሙት። እንዲህ ባለ ቤት እውነት አይነገርም። «ብቻችንን የምንሆንበት ቦታ ይፈለግ» በሉ። ግቢ ጥግ ዛፍ ሥርም ይበቃል። ሴት ጠያቂ፣ ወይ ወንድ ጠያቂ ይሁንልኝ ማለትም ይቻላል።

የማትፈልጉትን ጥያቄ «ይለፈኝ» በሉ። ያልፋል። በግምት ከመመለስ ማለፍ ይሻላል፤ ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ መመለስ ግን የኛ ሰው ልማድ ሆኖ ድብርቱ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፤ ራሳችሁን ልታጠፉ እንደሆነ ከተናገራችሁ ሚስጥር ተብሎ ላይታለፍ ይችላል። እርዳታ ወደሚገኝበት ያገናኟችኋል።

ደረጃ 7፦ ከገባችሁ በኋላ

ቅጂውን ተቀበሉ። ስልካቸውን በስም መዝግቡ፤ እኔ «ጥናት ሌሊት» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ ንገሯቸው። የተሳታፊነት ካርድ ከሰጧችሁ ኪሳችሁ አይለየው፤ ድንገት ሌላ ሆስፒታል ብትወሰዱ የሚያክማችሁ ሐኪም ምን ላይ እንዳላችሁ ማወቅ አለበት።

አዲስ ነገር ሲሰማችሁ፣ ማሳከክም ይሁን ራስ ማዞር፣ ደውሉ። «ለትንሽ ነገር ምን አስቸገራቸው» አትበሉ። ያቺን ትንሽ ነገር ለመስማት ነው የተሰበሰቡት።

መውጣት ከፈለጋችሁ ትወጣላችሁ። ምክንያት መስጠት ግዴታ የለባችሁም፣ ቅጣት የለውም፣ ክትትላችሁም አይነካም። መድኃኒት ላይ ከሆናችሁ ግን በራሳችሁ ድንገት አትጣሉት። መድኃኒት አለ በአንዴ ሲቆም የሚጎዳ። «መውጣት እፈልጋለሁ፣ እንዴት ላቁም?» በሏቸው። የተሰበሰበው መረጃና ናሙና ምን እንደሚሆንም ያኔውኑ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይወገዳል፣ አንዳንዱ ቀድሞ ከሌላው ጋር ተደምሯል።

ሐሳባችሁን ቅር የሚያሰኝ ነገር ካያችሁ፣ ለምሳሌ ብትጫኑ ወይ ብትሰደቡ፣ ለተመራማሪው ሳይሆን ለኮሚቴው ደውሉ። ሁለተኛው ስልክ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲያልቅ

ሁለት ነገር ጠይቁ። መድኃኒቱ ሠርቶልኝ ከሆነ ከጥናቱ በኋላ አገኘዋለሁ ወይ? ውጤቱስ መቼ ይነገረናል? የመጀመሪያውን ከመግባታችሁ በፊት ብትጠይቁት ይሻላል፤ ሲያልቅ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል። እኔ ከመጨረሻው ጥናት ከወጣሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ፣ ረስቼውም ነበር፣ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። አዳራሽ ጠሩን። ሻይና ዳቦ ነበር። አንዲት ዶክተር ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አሳየችንና «ይሄኛው እናንተ ናችሁ» አለች። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሏት። ሳቀችና ከመስመሩ መሀል ላይ አንዲት ቦታ በጣቷ ነካች። «እዚህ አካባቢ፣ አባ።»